ከሐዋሳ ሆኖ የቦሌን አየር መንገዶች ማነጻጸር፦ የመቀመጫ፣ የድግግሞሽና የመስመር መረብ አቆጣጠር

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በምትገኘው አነስተኛ የትኬት ቢሯችን በየዕለቱ የሚቀርብልን ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ከቦሌ ከሚነሱት የትኛው አየር መንገድ ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ዋጋ ግን ጠዋት የተነገረው ማታ የማይገኝ ነገር በመሆኑ ለማነጻጸሪያ መነሻ ሊሆን አይችልም። ከዋጋው ጀርባ ያለውና ቶሎ የማይለዋወጠው አንድ አየር መንገድ በሳምንት ስንት መቀመጫ ወደ ቦሌ እንደሚያመጣ፣ በስንት በረራ እንደሚያመጣና እነዚያ መቀመጫዎች መንገደኛውን የት ድረስ ሊያደርሱት እንደሚችሉ ነው። ይህ መመሪያ የትኬት ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች፣ ሠራተኛ ወደ ውጭ ለሚልኩ ድርጅቶችና በየወሩ ዕቃ ሊያመጡ ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህንን በአንድ ደብተር ወይም በአንድ የኤክሴል ገጽ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል።

አንደኛ፦ መነሻውንና መድረሻውን መወሰን

ማነጻጸሪያው ከቦሌ ሳይሆን ከመንገደኛው ደጃፍ ይጀምራል። የሐዋሳ ሰው ቦሌ የሚደርሰው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ ወይም ከሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ በአገር ውስጥ በረራ ነው። የአገር ውስጡን በረራ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሚሠራው ከሐዋሳ እስከ መጨረሻው መዳረሻ በአንድ ትኬት ሊሸጥ የሚችለው፣ ሻንጣንም ከዚሁ እስከዚያው ሊያስተላልፍ የሚችለው እርሱ ነው። በሌላ አየር መንገድ ከቦሌ የሚነሳ ሰው የሐዋሳውን ጉዞ ለብቻው ከከፈለ ሁለቱ ትኬቶች አይተዋወቁም፤ የመጀመሪያው በረራ በጭጋግ ወይም በብልሽት ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ የመጠበቅም ሆነ ያለ ቅጣት የመለወጥ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ «ከሐዋሳ በአንድ ትኬት» እና «ከቦሌ ብቻ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ይኑሩ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ዓምድ ትርጉም የለውም፤ ለእኛ ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላውን ስሌት ሁሉ የሚሽር ሆኖ እናገኘዋለን።

መድረሻውንም እንዲሁ ጠበብ ማድረግ ይገባል። «ወደ እስያ» ወይም «ወደ አፍሪካ» ብሎ ማነጻጸር የትም አያደርስም። በእኛ ቢሮ በብዛት የሚጠየቁት ዱባይ፣ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ጆሃንስበርግና ጓንጁ ናቸው፤ አንባቢውም የራሱን አምስት ወይም ስድስት ከተሞች መርጦ በእነርሱ ላይ ብቻ ቢሠራ በቂ ነው።

ሁለተኛ፦ ሳምንቱን መምረጥ

የአየር መንገዶች የበረራ መርሐ ግብር በዓመት ሁለት ወቅት አለው። የበጋው የሚባለው በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ፣ የክረምቱ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይጀምራል፤ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው በጥቅምት አጋማሽ አለፍ ብሎ ይውላል። አጠራሩ ከእኛ በጋና ክረምት ጋር የተገላቢጦሽ ስለሆነ ጀማሪን ያሳስታል። በእነዚህ ሁለት ቀናት የበረራ ቁጥር፣ ሰዓትና የአውሮፕላን ዓይነት ሊለወጥ ስለሚችል የአንዱን አየር መንገድ የየካቲት መርሐ ግብር ከሌላው የሚያዝያ ጋር ማነጻጸር ስህተት ነው።

አንድ ተራ ሳምንት ይምረጡ፤ ኅዳር ጥሩ ነው። ከዚያ በተጨማሪ አንድ የጥድፊያ ሳምንት ይጨምሩ፦ ለጅዳ የሐጅ ሰሞን፣ ለውጭ አገር ዘመዶች ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል አይገባም፤ በጥድፊያው ወቅት ብቻ የሚጨመሩ በረራዎች አየር መንገዱን ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ያስመስሉታልና።

ሦስተኛ፦ መርሐ ግብሩን በትክክል ማንበብ

መረጃው ከሦስት ቦታ ይገኛል። ከየአየር መንገዱ የራሱ ድረ ገጽ፣ የትኬት ቢሮ ከሆኑ ከአማዴየስ፣ ከሴበር ወይም ከጋሊልዮ የትኬት መያዣ ሲስተም፣ እንዲሁም አውሮፕላኖችን በቀጥታ ከሚያሳዩት እንደ ፍላይትራዳር ካሉ አገልግሎቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታቀደውን፣ ሦስተኛው የተደረገውን ይነግሩናል። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ አራት በረራ ይዞ በሳምንት ሦስቱን ብቻ የሚያበር አየር መንገድ ካጋጠመዎት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ትክክለኛ በረራ ቆጥረው ያንን ይያዙ።

መርሐ ግብሩ የበረራ ቀናትን በቁጥር ያሳያል፤ 1 ሰኞ ነው፣ 7 እሑድ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ያሰናክለናል። ረቡዕ በግዕዙ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት በመሆኑ ቆጠራው ከእሑድ የሚነሳ ነው፤ በአየር መንገዶች ቆጠራ ግን ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 4 ነው። ግዕዝ የተማረ አንድ ባልደረባችን ለረጅም ጊዜ 4ን ረቡዕ እያለ ሲያነብ ኖሯል፤ ስህተቱ የታወቀውም ሁለት ሠንጠረዦች አልገጥም ሲሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። መርሐ ግብሩ የሚጻፈው ቀኑ በእኩለ ሌሊት በሚለወጥበት የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ 01:10 ሆኖ ቢጻፍ በእኛ አነጋገር ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 7:10 ማለት ነው፤ መንገደኛው ቦሌ መገኘት ያለበት ማክሰኞ ማታ ነው። ይህንን በመጻሕፍት አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ልጃቸውን ሊጠይቁ ቤይሩት ለሚሄዱ አንዲት እናት በወረቀት ላይ «ረቡዕ ሌሊት 7:10» ብዬ ጻፍኩላቸው። እርሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ረቡዕን ውለው፣ ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ተሰናብተው ማታ ቦሌ ደረሱ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ግን ወደ 20 ሰዓት ሆኖት ነበር። በማግስቱ ቢሮ መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ረቡዕ ሌሊት ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ የመለወጫውን ቅጣት ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ በቢሯችን የሚጻፈው «ማክሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት በፊት ቦሌ ይገኙ፤ በረራው ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 7:10 ነው» በሚል መልክ ነው።

ለማነጻጸሪያውም ይኸው ጉዳይ ያስፈልጋል። ከቦሌ የሚነሱ በርካታ በረራዎች በእኩለ ሌሊት ዙሪያ የሚነሱ በመሆናቸው አንዱ 23:50፣ ሌላው 00:20 ላይ ቢነሳ በሠንጠረዡ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይወድቃሉ፤ ለመንገደኛው ግን የአንድ ማታ በረራዎች ናቸው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ከቀኑ ጎን «ከሐዋሳ የሚነሳበት ቀን» የሚል ዓምድ ይጨምሩ።

አራተኛ፦ በእርግጥ የሚበረው ማን እንደሆነ መለየት

አንድ አውሮፕላን የሦስትና የአራት አየር መንገዶች የበረራ ቁጥር ተሸክሞ ሊነሳ ይችላል። ይህ ኮድሼር የሚባለው አሠራር ሲሆን አንዱ ያበራል፣ ሌሎቹ በራሳቸው ቁጥር መቀመጫ ይሸጡበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 በፈረንጆቹ ስታር አላያንስን የተቀላቀለ በመሆኑ የዚያው ኅብረት አባላት ከሆኑት ከሉፍታንዛና ከመሳሰሉት ጋር እንዲህ ያሉ የተደራረቡ ቁጥሮች ማየት የተለመደ ነው። በመነሻ ሰሌዳው ላይ በአንድ ደቂቃ፣ ከአንድ በር፣ ወደ አንድ ከተማ የሚነሱ ሁለት በረራዎች ካዩ አንድ አውሮፕላን ናቸው። ሲስተሙ «በእገሌ የሚበር» የሚለውን ማስታወሻ ያሳያል፤ መቀመጫው የሚመዘገበው በዚያ ስም ብቻ ነው። ሻጩን ግን አይሰርዙት፤ አየር መንገዱ መንገደኛውን የት ድረስ ሊያደርሰው እንደሚችል ስናይ ያስፈልገናል።

ዱባይ ለየት ያለ ማስታወሻ ያስፈልጋታል። ኤሚሬትስና ፍላይዱባይ ሁለቱም የዱባይ መንግሥት ናቸው፤ መስመራቸውንም ያጋራሉ። መቀመጫቸውን ለየብቻ ቆጥሮ፣ ከዱባይ ወዲያ ያለውን መረባቸውን ግን አንድ ላይ ማየቱ እውነታውን ይበልጥ ያሳያል።

አምስተኛ፦ የሳምንቱን መቀመጫ ማስላት

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የበረራ ብዛት በመቀመጫ ይባዛል። አስቸጋሪው የመቀመጫውን ቁጥር ማግኘት ነው፤ አንድ ዓይነት አውሮፕላን በሁለት አየር መንገዶች ዘንድ አንድ ዓይነት መቀመጫ የለውምና። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8 የተደረደሩት 270፣ በ787-9 ደግሞ 315 መቀመጫዎች ናቸው፤ ኤርባስ ኤ350-900 ላይ 343፣ ቦይንግ 737-800 ላይ 154 አሉ። ከሐዋሳ የሚነሳው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ70 በላይ ይይዛል። ሌላው አየር መንገድ በዚያው 787 ላይ ቢዝነስ ክፍሉን ቢያሰፋ ቁጥሩ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ «787 ነው» ተብሎ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የየአየር መንገዱን የመቀመጫ ካርታ ከፍቶ መቁጠር ወይም በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠውን ቁጥር መውሰድ ይገባል።

ለምሳሌ ያህል ሦስት አየር መንገዶችን ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ሀ በቀን አንድ ጊዜ በ270 መቀመጫ ይበራል፤ በሳምንት 1,890 ነው። ለ በቀን ሁለት ጊዜ በ160 መቀመጫ ይበራል፤ 2,240 ይሆናል። ሐ በሳምንት አራት ጊዜ በ300 መቀመጫ ይመጣል፤ 1,200 ነው። ቦሌ ቆሞ አውሮፕላን ለሚያይ ሰው የሐ ግዙፍ አውሮፕላን ሁሉን የሚበልጥ ይመስለዋል፤ በወረቀቱ ላይ ግን መጨረሻ ነው። የ«ለ» ተጨማሪ ጥቅም ደግሞ ከመቀመጫው ይልቅ በድግግሞሹ ላይ ነው፤ ጠዋት ያመለጠው ሰው ማታ ይሳፈራል፤ ሐን ያመለጠው ግን አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ሆቴል ይከፍላል። ከሐዋሳ ለሚሄድ ሰው ድግግሞሹን ከመቀመጫው አስበልጬ የማየው ለዚህ ነው።

በዚህ ቁጥር ላይ ሁለት እርማት ይደረጋል። የመጀመሪያው መንገድ ላይ የሚያርፉትን በረራዎች ይመለከታል። አንድ 270 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን መጀመሪያ አንድ ከተማ አርፎ ከዚያ ወደ ሌላ ቢቀጥል ለሁለቱም ከተሞች በድምሩ ያለው 270 እንጂ 540 አይደለም። በሎሜ በኩል ወደ ኒውዮርክ አካባቢ የሚሄደው የኢትዮጵያ በረራ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ሎሜ የሚወርዱና ሎሜ የሚሳፈሩ ስላሉ ከቦሌ እስከ አሜሪካ የሚሸጠው መቀመጫ ከአውሮፕላኑ ያነሰ ነው። እኛ እንዲህ ያሉትን በቀላሉ ለሁለት እናካፍላቸዋለን፤ ፍጹም ባይሆንም ሁለት ጊዜ ከመቁጠር ይሻላል።

ሁለተኛው እርማት የመጣው ከቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚያነሱትን ክብደት እዚህ ሊያነሱ አይችሉም። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ነዳጅ ወይም ጭነት ቀንሶ ለመነሳት ይገደዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት አርፎ ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ሳያርፍ ቦሌ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለማነጻጸሪያችን የሚሰጠው ትምህርት የመሄጃና የመመለሻ አቅምን ለየብቻ መመዝገብ ነው፤ ለአጭር መስመሮች፣ ለምሳሌ ለጅዳ ወይም ለናይሮቢ፣ ይህ እርማት አያስፈልግም።

ስድስተኛ፦ ርቀቱን ማስገባት

መቀመጫ ብቻውን የአየር መንገዱን የሥራ መጠን አይናገርም፤ መቀመጫው የሚጓዘው ርቀት ሲባዛበት ነው «የመቀመጫ ኪሎ ሜትር» የሚባለው የአየር መንገዶች መለኪያ የሚገኘው። ከቦሌ ናይሮቢ 1,160 ኪሎ ሜትር፣ ዱባይ 2,520፣ ፍራንክፈርት 5,350 ገደማ ነው። አንድ አየር መንገድ በሳምንት 14 ጊዜ በ154 መቀመጫ ናይሮቢ ቢመላለስ 2,156 መቀመጫ፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን የመቀመጫ ኪሎ ሜትር ያቀርባል። ሌላው በሳምንት አራት ጊዜ በ290 መቀመጫ ፍራንክፈርት ቢሄድ 1,160 መቀመጫ ብቻ ቢሆንም 6.2 ሚሊዮን ያህል የመቀመጫ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በግልጽ ለመናገር ይህ መለኪያ ለባንክና ለኩባንያ ባለቤት የሚጠቅመውን ያህል ለመንገደኛ አይጠቅምም። ጋዜጣ ላይ «ትልቁ አየር መንገድ» ተብሎ ሲጻፍ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ለመረዳት ያህል ብቻ ይያዙት።

ሰባተኛ፦ የመስመር መረቡን መለካት

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ130 በላይ ዓለም አቀፍ መዳረሻዎች እንዳሉት ሲነገር ሰምተን ይሆናል፤ ኤሚሬትስ፣ ኳታር ኤርዌይስና የቱርክ አየር መንገድም እንዲሁ ትልልቅ ቁጥር ያነሳሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማነጻጸር ነው። ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ የመረቡ እምብርት ነው፤ ለሌሎቹ ቦሌ የአንዱ ጣት ጫፍ ነው፤ እምብርታቸው ዱባይ፣ ዶሃ፣ ኢስታንቡል፣ ፍራንክፈርት፣ ካይሮ ወይም ናይሮቢ ነው። ከቦሌ በኤሚሬትስ የሚነሳ ሰው በቀጥታ የሚደርሰው አንድ ከተማ ዱባይ ነው፤ ቀሪው ሁሉ በሽግግር፣ ማለትም እዚያ አውሮፕላን በመቀየር ነው። በመሆኑም በሠንጠረዡ ላይ «በቀጥታ»፣ «በአንድ ሽግግር» እና «በሁለት ሽግግር» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይኑሩ፤ ለእያንዳንዱ የመረጡት ከተማ አየር መንገዱ በየትኛው ዓምድ እንደሚወድቅ ይጻፉ። የዕቃ ብቻ መዳረሻዎች ከቁጥሩ ይውጡ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነት የሚያሳርፍባት የቤልጅየሟ ልዬዥ ለአበባ ላኪ ትልቅ ከተማ ናት፣ ለመንገደኛ ግን በመረቡ ላይ የለችም።

ሽግግሩ በወረቀት መኖሩ አይበቃም፤ ሰዓቱ መግጠም አለበት። የቦሌ አሠራር በማዕበል ይመሰላል። ከአውሮፓ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከእስያ የሚመጡት የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ንጋት ላይ ተከታትለው ያርፋሉ፤ ረፋድ ሳይሆን ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሳሉ። አመሻሽ ላይ ከአፍሪካ የሄዱት ይመለሳሉ፤ ከዚያ ማታና ሌሊት ወደ እስያ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ይነሳሉ። ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ባለው የአገር ውስጥ በረራ ሄዶ የማታውን ማዕበል መያዝ ይቻላል፤ የጠዋቱን የአፍሪካ ማዕበል ለመያዝ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ማደር ግድ ይሆናል። ጆሃንስበርግ የሚሄዱ ደንበኞቻችን ከዋዜማው ቀን በአውቶቡስ የሚገቡት ለዚህ ነው።

ለሌሎቹ አየር መንገዶች ይህንኑ በየእምብርታቸው ይሥሩ። ከቦሌ የተነሳው በረራ ዱባይ ወይም ዶሃ ሲያርፍ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ውስጥ የሚነሳ ቀጣይ በረራ ካለ «ይገጥማል» ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ከ5 ሰዓት በላይ ከሆነ «ይቆያል»፣ ከ12 ሰዓት ካለፈ ባዶ ይተዉት። የ1 ሰዓት ተኩሉ ገደብ የራሳችን ነው፤ አየር መንገዶች ለየአውሮፕላን ማረፊያው የሚያወጡት ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ነው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝና ምልክት ማንበብ የሚቸግረው መንገደኛ በዚያ ፍጥነት አይሮጥም።

ቀጥሎ ጠመዝማዛነቱ ይለካል። በሽግግር የሚሄደውን ጠቅላላ ርቀት ለቀጥታው ርቀት ያካፍሉ። ከቦሌ ጆሃንስበርግ በቀጥታ 4,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዱባይ በኩል ግን 2,520 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶ ከዚያ 6,410 ወደ ደቡብ መመለስ ነው፤ ድምሩ 8,930 ሲሆን ከቀጥታው ከእጥፍ በላይ፣ 2.2 ገደማ ይሆናል። ከቦሌ ጓንጁ በቀጥታ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዱባይ በኩል 8,350 ያህል ስለሆነ ውጤቱ 1.04 ብቻ ነው። እንግዲህ ያው አንድ አየር መንገድ፣ ያው አንድ እምብርት፣ ለቻይና ነጋዴው ሁነኛ አማራጭ ሲሆን ጆሃንስበርግ ለሚሄደው ዙሪያ ጥምጥም ነው። በእኛ ልማድ ከ1.3 በታች ያለውን እንቀበላለን፤ ከ1.6 በላይ ያለውን መንገደኛው ራሱ ካልጠየቀ በቀር አናቀርብም።

መዳረሻ መጨመር መረቡን ምን ያህል እንደሚያሳድግ ለማየት የሚረዳ አንድ ሒሳብ አለ። አንድ እምብርት ላይ 10 መስመሮች ቢገናኙ በሽግግር የሚገናኙ የከተማ ጥንዶች 45 ናቸው፤ 11ኛው መስመር ሲጨመር በአንድ ጊዜ 10 አዳዲስ ጥንዶች ይገኛሉ። ነገር ግን 11ኛው በረራ ከማዕበሉ ውጭ፣ እኩለ ቀን ላይ ቢያርፍ ከ10ሩ አብዛኞቹ በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ስምንተኛ፦ መቀመጫው ስለ መኖሩ

የቀረበ መቀመጫ ሁሉ ለሽያጭ ክፍት አይደለም። በየመስመሩ ስንት ሰው እንደተሳፈረ አየር መንገዶች በዝርዝር ስለማያወጡ በግምት እንሠራለን፤ ጉዞው 30 ቀን፣ 14 ቀንና 3 ቀን ሲቀረው በሲስተሙ ላይ በየዋጋ ክፍሉ ስንት መቀመጫ እንደሚያሳይ እንመዘግባለን። እዚያ የሚታየው 9 ቁጥር «9 ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ነው፤ ዘጠኝ ብቻ ቀረ ብሎ ደንበኛን ማስደንገጥ አይገባም። የመቀመጫ ካርታም አይታመንም፤ ቦታ ያልመረጡ መንገደኞች መቀመጫ ባዶ ሆኖ ይታያልና። ርካሹ ክፍል 30 ቀን ሲቀረው የሚዘጋበት መስመር በወረቀት ላይ ሰፊ አቅም ቢኖረውም ለእርስዎ ደንበኛ ጠባብ ነው።

ዘጠነኛ፦ ዕቃ ለሚጭኑ

ነጋዴ ከሆኑ የአውሮፕላኑ ሆድ ያሳስብዎታል። ባለሁለት መተላለፊያው ሰፊ አውሮፕላን ዕቃ በኮንቴይነርና በፓሌት ይጭናል፤ 737ን የመሰለ ባለአንድ መተላለፊያ ሻንጣና ዕቃውን በእጅ ነው የሚደረድረው። በመቀመጫ እኩል የሆኑ ሁለት አየር መንገዶች በጭነት እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ ከአውሮፕላኑ ዓይነት ጎን «ሰፊ» ወይም «ጠባብ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አሥረኛ፦ ለውጡን ማንበብና ሠንጠረዡን ማደስ

አንድ የውጭ አየር መንገድ በረራ ሳይጨምር አውሮፕላኑን ብቻ ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢለውጥ አንዱ ምክንያት የሁለቱ አገሮች የአየር አገልግሎት ስምምነት ሊሆን ይችላል። በብዙ ስምምነቶች በሳምንት የሚፈቀደው የበረራ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ገደቡ ላይ የደረሰ አየር መንገድ የሚያድገው በመቀመጫ ነው። እንዲህ ያለው አየር መንገድ ድግግሞሽ ሲጨምር ካዩ ግን ፈቃድ ተሰጥቷል ወይም አዲስ ስምምነት ተደርጓል ማለት ነው፤ በ2025 በፈረንጆቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድና የአቡ ዳቢው ኢትሃድ በጋራ ለመሥራት ተስማምተው በአዲስ አበባና በአቡ ዳቢ መካከል መብረር ሲጀምሩ የዱባይና የዶሃ ዓምዶቻችን አጠገብ ሌላ ዓምድ መጨመር ግድ ሆኖብናል።

የአውሮፕላን ማረፊያው አቅምም በጥግ ይመዝገብ። በቦሌ በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለማስተናገድ የታሰበ ነው፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 60 ሚሊዮን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቢሾፍቱ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች በረራዎቹ ወደዚያ በዞሩ ጊዜ የመኪናው ጉዞ ያጥራል፤ የአዲስ አበባ አዳርና የታክሲ ወጪም ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያኔ የመጀመሪያው ዓምዳችን እንደገና ይሠራል።

ሠንጠረዡን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መርሐ ግብሩ በሚለወጥባቸው በመጋቢትና በጥቅምት ያድሱት። አሮጌውን አይጣሉት፤ ከሥሩ ያስቀምጡት። ከገጹ አናት ላይ መረጃው የተሰበሰበበትን ሳምንት በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ፤ የሰዓቱ ዓምድ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነም በቀይ ቀለም «የፈረንጅ ሰዓት» ብለው ያመልክቱ።